ሲጀምርሽ ምን እየሠራሽ ነበር?

ባለፈው እትም ስለ ድንገተኛ ራስ ምታት ሁለት መስመር ጣል አድርጌ አለፍኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው፣ የስልክ መልእክቱ፣ በር ላይ ቆሞ «አንዴ ብቻ ዶክተር» የሚለው ሰው ብዛቱ! ክሊኒኬ ከቴዎድሮስ አደባባይ ቸርችል ጎዳናን ይዘው ትንሽ ወረድ ሲሉ ያረጀ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። ያን ደረጃ ወጥቶ ጥያቄ ያመጣ ሰው መልስ ይገባዋል።

ጥያቄዎቹ ዞረው ዞረው አንድ ቃል ላይ ያርፋሉ፤ አኒዩሪዝም። ነገሩ እንዲህ ነው። ደም ከልብ ይዞ የሚወጣው ቧንቧ፣ ትምህርት ቤት «ደም ቅዳ» ያልነው፣ ግድግዳው አንድ ቦታ ላይ ይሳሳል። የሳሳው ቦታ በደሙ ግፊት እየተገፋ ወደ ውጭ ይነፋል። ጎሚስታ ቤት ጎኑ ያበጠ ጎማ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ነው። ጎማውን ግን ሹፌሩ ያየዋል። ራስ ቅል ውስጥ ያለውን ማንም አያየውም፤ ባለቤቱም አብዛኛውን ጊዜ ሳያውቀው ይኖራል። ጭንቅላት ውስጥ ሲሆን የሚያብጠው በብዛት ቧንቧው ለሁለት በሚከፈልበት መንታ ላይ ነው። ደሙ የሚላተመው እዚያ ነዋ።

አሁን ወደ ደብዳቤዎቹ።

*

«ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከአራት ኪሎ ነው፤ 29 ዓመቴ ነው። ታላቅ እህቴ 46 ዓመቷ ነው። ሲያዞራት ኤምአርአይ ታዘዘላትና ተነሣች። ጭንቅላቷ ውስጥ 4 ሚሊ ሜትር አኒዩሪዝም አለ ተባለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ለቅሶ ቤት ሆኗል። ወንድሜ የእናታችንን ቤት ሸጠን ሕንድ እንውሰዳት ይላል። እሷ ማስነጠስ እንኳ ፈርታለች። ቡና አቁማለች። ምን እናድርግ?»

ልጄ፣ ቤቱን አትሽጡ። ቢያንስ በዚህ ወር አትሽጡ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከ100 ጎልማሶች ወደ 3ቱ ጭንቅላታቸው ውስጥ ያልፈነዳ አኒዩሪዝም አለባቸው። ጢም ብሎ የሞላ አንበሳ አውቶቡስ ላይ ስትሳፈሪ ሁለት ሦስት ሰው ይህን ይዞ አብሮሽ ተሳፍሯል ማለት ነው። አብዛኞቹ ሳያውቁት አርጅተው በሌላ ምክንያት ይሞታሉ። የእህትሽ ልዩነት ኤምአርአይ ውስጥ መግባቷ ብቻ ሊሆን ይችላል። ማዞሩም ብዙ ጊዜ ከዚህ አይመጣም። ጆሮ፣ ደም ማነስ፣ ግፊት አስቀድሞ ይታይ።

መጠኑ ብዙ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱ የታተመ ብዙ አገሮችን ያቀፈ ትልቅ ጥናት አለ። ከዚህ በፊት ደም ፈሷቸው የማያውቁ፣ እብጠታቸው ከ7 ሚሊ ሜትር በታች የሆነና በአንጎል የፊተኛው ክፍል ቧንቧዎች ላይ ያለባቸው ሰዎች ለ5 ዓመት ሲታዩ የፈነዳባቸው አልተገኘም። በኋለኛው ክፍል ቧንቧዎች ላይ ከሆነ በዚሁ መጠን ከ100 ውስጥ 2 ከግማሽ ያህል ነበር። 25 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲደርስ ግን በፊተኛው ክፍል ከ100 ሰው 40ው፣ በኋለኛው 50ው ላይ ፈነዳ። ከ4 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ያለው ርቀት በማስመሪያ ሲታይ ትንሽ ነው፤ በአደጋ ሲለካ ግን ሰማይና ምድር ነው።

እንዳላታልልሽ፣ ትንሽ ሆኖም የሚፈነዳ አለ። ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሐኪም ሁሉ አይቷል። ስለዚህ ሚሊ ሜትሩን ይዘሽ ብቻ አትቅሪ። የነርቭ ቀዶ ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቂው፦ የትኛው ቧንቧ ላይ ነው? ቅርጹ ድቡልቡል ነው ወይስ ጎኑ ላይ ሌላ ትንሽ ጉብታ አለው? መቼ ተመልሰን እናንሣው? ጉብታ ያለውና በሁለት ፎቶ መካከል ያደገው ያሳስባል። ባለበት የቆመው በየጊዜው እየታየ ይቀመጣል። ሕክምናው ራሱ አደጋ አለው፤ ጭንቅላት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ሁሉ ሽባነትና ሞት ሊያስከትል ይችላል። ምናልባት ዕድሜ ልኳን ዝም ብሎ የሚቀመጥን ነገር ለመንካት ቤት መሸጥ ትልቅ ውሳኔ ነው። ለዚህ ሕንድ ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ እዚሁ አገር የሚያያት ሰው አለ። ጥቁር አንበሳ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

ከቤተሰባችሁ፣ ከእናት ከአባት ከወንድም ከእህት መካከል፣ በዚህ በሽታ የሞተ ወይም የታመመ አለ? አንድ ተጨማሪ ሰው ካለ ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ አንቺም ወንድምሽም መታየት አለባችሁ። ኩላሊት ላይ ብዙ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚያወጣው በዘር የሚወረስ በሽታ ያለበት ቤተሰብም እንደዚሁ።

ቡናዋ ላይ ትንሽ ልቆይ። አዲስ አበባ ተቀምጦ «ቡና ተዪ» ማለት ቀላል ፍርድ አይደለም። ወሬው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የኔዘርላንዷ ዩትሬክት ሐኪሞች አኒዩሪዝም የፈነዳባቸውን 250 ሰዎች «ከመታመማችሁ ትንሽ ቀደም ብሎ ምን እያደረጋችሁ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ስምንት ነገር ወጣ፦ ቡና፣ ኮላ፣ ከባድ ስፖርት፣ አፍንጫ መናፈጥ፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ሽንት ቤት ማማጥ፣ ድንጋጤና ንዴት። ስምንቱም ግፊትን ለአጭር ጊዜ ሽቅብ ይሰዱታል። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የወሰደው ቡና ነው፤ ከፈነዱት 10 ከመቶ ገደማ። አስደነገጠሽ? ጠብቂ። ቡና አደጋውን የሚጨምረው በ1.7 እጥፍ ብቻ ነው። ድንጋጤ ግን በ23 እጥፍ። ቡና አንደኛ የወጣው ጉልበቱ በርትቶ አይደለም። ሰው ሁሉ በየቀኑ ስለሚጠጣው ነው እንጂ።

ስለዚህ እህትሽ አቦሏን ትጠጣ። ቶናና በረካውን ለጎረቤት ትተው። ወንድምሽ ግን በየማታው «ልትሞቺ ነው» እያለ የሚያስደነግጣት ከአቦሉ በጣም ይብሳል። ይህን መስመር ጮክ ብለሽ አንብቢለት።

በየቀኑ መሠራት ያለበት ይህ ነው። ግፊቷ ይለካ፤ ከፍ ካለ መድኃኒቱ ሳይቆራረጥ ይወሰድ። ሲጋራ ካለ፣ ሺሻም ቢሆን፣ ዛሬ ይቁም። ጫት ግፊት ያንራል፤ ይቅር። ድርቀት እንዳይዛት ጎመንና ውሃ። ማስነጠስን ለእግዜር ትተወው።

*

«ዶክተር፣ ከካዛንቺስ ነው። ባለቤቴ 52 ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ልብስ እያሰጣች ሳለ ‹ራሴን!› ብላ ተቀመጠች። ጎረቤቶች ምች ነው ብለው ዳማ ከሴ ጨምቀው አሹዋት፤ አጠጧትም። አስመለሳት። ሆስፒታል የወሰድናት በማግሥቱ ነው። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል ተባለ። በሦስተኛው ቀን ታወራ ነበር። በሰባተኛው ቀን አንደበቷ ተያዘ። አንድ ክኒን በየ4 ሰዓቱ፣ ሌሊትም እየቀሰቀሱ ይሰጧታል። ለምን እንድትተኛ አይተዋትም? ደግሞስ ክሊፕ ነው ኮይል የሚሻለው?»

ለእርስዎ በስልክ መልሼልዎታለሁ። እዚህ የምጽፈው ነገ ተመሳሳይ ቅዳሜ ለሚገጥመው ሌላ ሰው ነው። ስለ ፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ።

ከዳማ ከሴው ልጀምር። ጎረቤቶችዎን አይቆጧቸው። እኔም ነጭ ካፖርት ለብሼ ከዚያ የባሰ አድርጌአለሁ።

ወጣት ሐኪም ሳለሁ ነው፤ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል ተረኛ ነበርኩ። ከምሽቱ 4 ሰዓት አንዲት ሴት ራሷን በሻሽ ጠፍራ መጣች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ጉልት ላይ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። ከዚህ በፊት ራስሽን ያምሽ ነበር? አልኳት። «አልፎ አልፎ» አለች። ግፊቷን ለካሁ፤ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ የሚያመው ሰው ግፊቱ ከፍ ይላል ብዬ አለፍኩት። ማይግሬን ብዬ ጻፍኩ። ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ መርፌ አስወጋኋት። ከአንድ ሰዓት በኋላ «ቀለል አለኝ» ብላ መርቃኝ ሄደች። የምርቃቷ ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ።

በሦስተኛው ቀን በጋቢ ጠቅልለው አራት ሰዎች ተሸክመው አመጧት። አልነቃችም። ልጇ ግድግዳ ተደግፋ ስታወራ ሰማኋት፤ «የበርበሬ ዘንቢል ስታነሣ ‹ወይኔ ራሴን› ብላ ቁጭ አለች። ከዚያች ሰዓት በፊት ምንም አልነበራትም።» ዘንቢሉን እኔ አልጠየቅኳትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ራሱን ያመመው ሰው ፊቴ ሲቀመጥ የማነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው። ሲጀምርሽ ምን እየሠራሽ ነበር? ተራ ራስ ምታት ያለበት ሰው «እንጃ፣ ከሰዓት በኋላ ይመስለኛል» ይላል። ደም የፈሰሰው ሰው ግን ደቂቃዋን ያውቃታል። ልብስ እያሰጣሁ። ዘንቢል ሳነሣ። ታክሲ ልሳፈር ስል። ሕመሙ ቀስ እያለ አይጨምርም፤ በዱላ እንደተመታ ሰው በሰከንዶች ውስጥ ጣሪያ ይነካል። ማስመለስ፣ አንገት መገተር፣ ራስን መሳት፣ ብርሃን መጥላት ሊከተል ይችላል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ አንድ ዐይን ቆብ ይወርዳል፤ የዐይኑ ብሌንም ይሰፋል። ይህ የመጨረሻው፣ ራስ ምታት ባይኖርም፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል የሚያስሮጥ ነው። ምች የሚሉት ግን ትኩሳት አለው፣ ከንፈር ላይ ቁስል ያወጣል፣ ቀን ይፈጃል። እንጂ በአንዲት ሰከንድ ሰው አይጥልም።

መርፌ ስላሻለው ደም አልፈሰሰም ማለት አይደለም። ይህን በራሴ ጥፋት ተምሬአለሁ።

ሰዓቱስ ለምን ይቆጠራል? እ.ኤ.አ. በ2011 ካናዳ ውስጥ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ይዟቸው የመጡ 3,132 ሰዎች ተጠንተው ነበር። ሕመሙ በጀመረ በ6 ሰዓት ውስጥ ሲቲ ስካን የተነሡትና ፊልሙን የራጅ ስፔሻሊስት ያነበበላቸው፣ ደም የፈሰሰባቸው ሁሉ ተለይተው ታውቀዋል። ከ6 ሰዓት በኋላ ግን ከ100 ውስጥ 14 ያህሉ ያመልጣሉ። ደሙ እየቀጠነ ስለሚሄድ ሲቲው «ደህና ነው» ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ከወገብ ፈሳሽ ልቅዳ ካለ እንቢ አትበሉ። «ወገቧን ወግተው ሽባ ሊያደርጓት ነው» እያሉ በሽተኛ ይዘው የሚሄዱ ቤተሰቦች አጋጥመውኛል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ። ከፈነዳ በኋላ አደጋው አንድ አይደለም፤ በተራ የሚመጣ ነው። የመጀመሪያው ዳግም መፍሰስ ነው። ከሁሉም የሚከፋው የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ናቸው። ለዚህ ነው ቀዳዳው ቶሎ መደፈን ያለበት። ሁለተኛው፣ የፈሰሰው ደም የአንጎልን ፈሳሽ መውረጃ ይዘጋና ውሃ ይጠራቀማል፤ በሽተኛው ያንቀላፋል፤ አንዳንዴ ቱቦ ይገባለታል።

ሦስተኛው የእርስዎ ሰባተኛ ቀን ነው። ከቧንቧው ውጭ የፈሰሰ ደም ሲበሰብስ ሌሎቹን ቧንቧዎች ያስቆጣቸዋል። ይኮማተራሉ፤ ይጠባሉ። ደም የማይደርሰው የአንጎል ክፍል ይራባል፤ አንደበት ወይም እጅ ይያዛል። ይህ ከሦስተኛው ቀን ገደማ ይጀምርና እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ያሰጋል። ቤተሰብ «ድና ነበር እኮ፣ ሆስፒታሉ ነው ያበላሻት» የሚለው በዚህ ሰሞን ነው። የደም ጨው፣ ሶዲየም የሚባለው፣ መውረዱም እዚሁ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ ነርሶቹ በየጊዜው ደም ቢቀዱ አይሰልቹ።

ክኒኑ ኒሞዲፒን ነው። የተለመደው አሰጣጥ 60 ሚሊ ግራም በየ4 ሰዓቱ፣ ለ21 ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ከዚህ ሕመም በኋላ የሚመጣውን የአንጎል ጉዳት እንደሚቀንስ አሳይቷል። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ስለዚህ ሌሊት 9 ሰዓትም ይቀሰቅሷታል። ግፊቷን በጣም ካወረደው መጠኑን ከፍለው ይሰጣሉ። አንድም ዙር እንዳያልፍ እርስዎም ሰዓት ይያዙ። አስታማሚ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

ክሊፕ ወይስ ኮይል? ክሊፕ የቆየው ነው። ዋልተር ዳንዲ የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1937 የራስ ቅል ከፍቶ የእብጠቱን አንገት በብር ክሊፕ ቆነጠጠ፤ የልብስ መቆንጠጫ አስቡት። ኮይል ደግሞ ጭንቅላት ሳይከፈት ከብሽሽት በሚገባ ቀጭን ቱቦ የሚላክ ፀጉር መሳይ የፕላቲኒየም ሽቦ ነው፤ እብጠቱ ውስጥ እየተጠቀለለ ይሞላዋል፤ ደሙ ይረጋና ይደፈናል። ጉይዶ ጉሊዬልሚ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ለመጀመሪያ ጊዜ በሽተኛ ላይ የተጠቀመበት እ.ኤ.አ. በ1990 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው።

ሁለቱን ፊት ለፊት ያጋጠመው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ታተመ። 2,143 ሰዎች ነበሩበት፤ አኒዩሪዝማቸው የፈነዳና በሁለቱም መንገድ ሊታከሙ የሚችሉ። ከዓመት በኋላ የሞቱ ወይም የሰው እጅ ጠባቂ የሆኑት ከኮይሎቹ 23.7 ከመቶ፣ ከክሊፖቹ 30.6 ከመቶ ሆኑ። ለኮይል ያደላ ይመስላል፤ ነውም። ግን ኮይል አንዳንዴ ይጠቀጠቅና ቦታው ዳግም ይከፈታል፤ በየጊዜው ተመልሶ መታየት ይፈልጋል። ውጭ አገር ለተሠራለት ሰው ይህ ማለት ደግሞ ቲኬት፣ ደግሞ ቪዛ፣ ደግሞ ዶላር ነው። ክሊፕ በደንብ ከተያዘ ብዙውን ጊዜ ያበቃለታል። እኔ በበኩሌ ቤተሰብ ሲጠይቀኝ «የትኛው ይሻላል» ከማለት «እጁ የለመደ ሐኪም ዛሬ የት አለ» በሉ እላለሁ። ደም ለፈሰሰበት ሰው የሦስት ሳምንት ቪዛ ጠብቆ ከሚገኝ ምርጥ ኮይል ይልቅ ነገ የሚደረግ ደህና ክሊፕ ይበልጥብኛል።

*

«ለተከበሩ ዶክተር። እኔ የ71 ዓመት ሽማግሌ ነኝ፤ ለገሃር አካባቢ ነው የምኖረው። ማታ ጋደም ስል እምብርቴ ላይ ሁለተኛ ልብ ይመታል። ለሽንት ብለው አልትራሳውንድ ሲያነሡኝ ‹አባባ፣ ዋናው የደም ቧንቧዎ 4.3 ሴንቲ ሜትር ሆኗል› አሉኝ። አንዱ ሐኪም ቁረጥ፣ አንዱ ተወው ይላል። ልጆቼ ሲጋራዬን ነጠቁኝ። በ71 ዓመቴ ሲጋራ ማቆም ምን ይጨምርልኛል?»

ጋሼ፣ ሲጋራውን የነጠቁዎትን ልጆች ይመርቁልኝ። ይህን በሽታ ከሚያመጡት ሁሉ ሲጋራን የሚያህል የለም፤ የሚያጨስ ሰው እብጠት ማጨስ ካቆመ ሰው እብጠት ይልቅ ቶሎ ያድጋል። እርስዎ አሁን ከእብጠቱ ጋር ሩጫ ላይ ነዎት፤ ሲጋራ እሱን ነው የሚያግዘው። የሚጨምርልዎ ይህ ነው።

ሆድ ውስጥ የሚወርደው ትልቁ ደም ቅዳ አኦርታ ይባላል። ጤነኛው 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 3 ሲደርስ አኒዩሪዝም እንለዋለን። እንግሊዝ ውስጥ ከ4 እስከ 5.5 ሴንቲ ሜትር የሆነባቸው 1,090 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ፤ ግማሹ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ግማሹ እየታየ ቆየ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ ቶሎ የተቀደዱት በዕድሜ ምንም አልበለጡም። ከዚያ ወዲህ በወንድ 5.5 እስኪሞላ፣ በሴት 5 ገደማ እስኪደርስ፣ ይጠበቃል። ፈጥኖ ካደገ ወይም ካመመ ግን ቁጥሩ አይጠበቅም። ስለዚህ «ተወው» ያለዎት ሐኪም ልክ ነው፤ ግን ተወው ማለት ርሳው ማለት አይደለም። በየ6 ወሩ፣ ቢበዛ በየዓመቱ፣ ከተቻለ በአንድ ቦታ፣ አልትራሳውንድ ይነሡ። ወረቀቱን ሁሉ በአንድ ፌስታል ያስቀምጡ።

አልበርት አይንስታይን ይህ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1948 ሆዱን የከፈተው ሐኪም ሩዶልፍ ኒሰን በዚያ ዘመን ቧንቧውን የሚተካበት ነገር አልነበረውምና በሴሎፋን ጠቀለለው። አዎ፣ ስጦታ በሚጠቀለልበት ላስቲክ። ሴሎፋኑ አካባቢውን ያስቆጣና ጠባሳ ይሠራል፤ ጠባሳው ግድግዳውን ይደግፋል ተብሎ ነው። ሰውየው ከዚያ በኋላ ሌላ ከ6 ዓመት በላይ ኖረ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1955 ሲፈነዳበት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አልፈልግም አለ፤ ሞተ። ፓሪስ ላይ ሻርል ዱቦስት የታመመውን ክፍል ቆርጦ በሌላ የተካው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ሁዋን ፓሮዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ቦነስ አይረስ ላይ ሆድ ሳይከፍት፣ ከብሽሽት አስገብቶ ከውስጥ ጨርቅ የለበሰ ስቴንት፣ ማለትም የብረት መረብ ቱቦ፣ ዘረጋ። የርስዎ ተራ ከደረሰ ምርጫው ሁለቱ ናቸው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ሆድዎን ወጌሻ አይሸው። ደግሞ ድንገት ሆድዎን ወይም ጀርባዎን ከበድ አድርጎ ካመመዎት፣ ካላበዎት፣ ከጨለመብዎት፣ «ጨጓራዬ ነው» «ኩላሊቴ ነው» ብለው ጠላ ቤት ወንበር ላይ አይቆዩ፤ አምቡላንስ ያስጠሩ፣ አኒዩሪዝም እንዳለብዎም ወዲያው ይንገሩ። ከ65 ዓመት ያለፈ ወንድም ካለዎት እሱም አንዴ አልትራሳውንድ ይነሣ። ሕመም የለው፣ መርፌ የለው።

*

«እኔ 22 ዓመቴ ነው፣ ከጌጃ ሰፈር። ከልጅነቴ የልብ በር ችግር አለብኝ፤ በየወሩ መርፌ እወጋለሁ። የልብ ሕመም ጭንቅላት ውስጥ እብጠት ያመጣል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?»

አልፎ አልፎ፣ አዎ። የተጎዳ የልብ በር ላይ ተሕዋስያን ሊያድሩበት ይችላሉ። ከዚያ ፍርፋሪው በደም ተጉዞ አንጎል ቧንቧ ውስጥ ይሰነቀርና ግድግዳውን ይበላዋል። ይህ ኢንፌክሽን የወለደው አኒዩሪዝም ነው፤ ዋናው መድኃኒቱ ለሳምንታት በደም ስር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው። ላንተ የሚሆነው ምክር ይህ ነው። መርፌህን አታቋርጥ። ጥርስህን ተንከባከብ፤ ጥርስ ልታስነቅል ስትሄድ የልብ በር ችግር እንዳለብህ አስቀድመህ ተናገር። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ከሳምንት ካለፈ ፋርማሲ ሄደህ አንቲባዮቲክ ገዝተህ አትዋጥ። ደምህ ለምርመራ ሳይቀዳ ከዋጥከው ተሕዋሱ ይደበቃል፤ እኛም እሱን ስንፈልግ ቀኑ ይሄዳል።

*

«ኮይል ተደርጎልኛል። ቦሌ የፍተሻ በር ላይ ይጮህብኛል? ኤምአርአይስ እችላለሁ?»

አይጮህም። ኤምአርአይም ይቻላል፤ ፕላቲኒየም ማግኔት አይስበውም። ጥንቃቄ የሚያሻው የድሮ ክሊፕ ያለበት ሰው ነው። ከአሥርተ ዓመታት በፊት ከተሠሩት ውስጥ ማግኔት የሚስባቸው አሉ። ሲወጡ የተሰጠዎትን ካርድ ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙ።

*

«ጠበል ልግባ ወይስ ክኒን ልውሰድ? ዐቢይ ጾም ላይ ነን፤ እስከ 9 ሰዓት እህል አልቀምስም። የግፊት መድኃኒቴን ምን ላድርግ?»

ሁለቱም። ጠበልና ክኒን ተጣልተው አያውቁም፤ የሚያጣሏቸው ሰዎች ናቸው። በቀን አንዴ የሚወሰድ የግፊት መድኃኒት ከሆነ ማታ ሊዞር ይችል እንደሆነ ያዘዘልዎትን ሐኪም ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ ይቻላል። በቀን ሁለት ሦስቴ ከሆነ ንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው መልስ አያጡም። መድኃኒቱን ለሁለት ወር ትቶ ለፋሲካ መመለስ ግን አይሆንም። ከዚያ በላይ አልጨምርም፤ ቄስ አይደለሁም።

*

በመጨረሻ፣ ባለፈው ሐሙስ ለዘበኛችን በቢጫ ፖስታ የኤምአርአይ ሲዲ ትተው ለሄዱት ሰው። ስልክ አልጻፉበትም። ስምም የለውም፤ «ለዶክተሩ» ብቻ ይላል። ሲዲውን አየሁት። እብጠቱ 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጎኑ ላይ ጉብታ አለው፤ ያለውም በኋለኛው ክፍል ቧንቧ ላይ ነው። ይህ ከአራት ኪሎዋ እህት የተለየ ነው፤ እየታየ የሚቀመጥ አይመስለኝም። ዘበኛው «ቡኒ ጃኬት የለበሰ፣ ትንሽ የሚያነክስ» ይላል። ቅዳሜን ጨምሮ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ አለሁ። ደረጃው ከከበደዎት ከታች ያስጠሩኝ፤ እወርዳለሁ።